አድራሻው ሀዋሳ ላይ የቆመ ልጅ

(ድምፅ፦ ባጃጆች፤ የመናኸሪያ ረዳቶች «ሶዶ! ሶዶ!» እያሉ ሲጣሩ። ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል።)

ተራኪ፦

ሰኞ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.። ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ዝናብ የጠገበው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤቱ፣ ፖሊሱ፣ መምህሩና የጤና ባለሙያው ተጠራርተው ሲቆፍሩ ያው ተራራ ዳግም ወረደባቸው። ማሽን በቦታው አልነበረም፤ አስከሬን የወጣው በአካፋና በባዶ እጅ ነው። በቀናት ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ የሟቾችን ቁጥር 257 አደረሰው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

በውጭው ዓለም ዜናው ሲነገር ግን ወረዳና ቀበሌ የለውም። «ደቡብ ኢትዮጵያ» ይላል፤ በቃ። ሚኒሶታ ወይም ማድሪድ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ልጅ በጉዲፈቻ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ይህ ቃል እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ልጁ ዜናውን በስልኩ ቀድሞ አይቶት ይሆናል። የሚጠይቀውም ጥያቄ አንድ ነው፤ «የኔ ሰዎች እዚያ ናቸው?» ፋይሉ ከመሳቢያ ይወጣል። የፋይሉ መልስ አንዳንዴ ከዚህ አያልፍም፦ ደቡብ ክልል፣ ሀዋሳ።

(ድምፅ፦ ወረቀት ሲገለጥ።)

ሀዋሳ ከጎፋ ጋር ምን አገናኛት? ዛሬ በክልልም አይገናኙም። ልጆቹ በጉዲፈቻ በሚሄዱበት ጊዜ ግን ይህች ከተማ የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሲዳማ ገጠር የተነሱ ልጆች ብዙዎቹ በዚህችው ከተማ በነበሩ ማሳደጊያዎችና ቢሮዎች አልፈዋል። የመጨረሻው ውሳኔ የሚሰጠው ደግሞ አዲስ አበባ፣ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነበር። አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2005 በጉዲፈቻ የወሰደቻት ልጅም ትውልዷ ሀዋሳ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፈላጊው በዛ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,500 የሚበልጡ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄዱ። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የወሰዷቸው በጠቅላላው ወደ 15,000 ይደርሳሉ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. መንግሥት ነገሩ አሳስቦት በቀን የሚያስተናግደውን የጉዲፈቻ ጉዳይ ወደ አምስት አወረደው።

ከዚያ ክልሉ ራሱ ፈረሰ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የቀረው ተከፋፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የሚባሉ ክልሎች ተመሠረቱ፤ የመጀመሪያው ቢሮዎች ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ እያሉ ተበታትነዋል፤ የሁለተኛው ሆሳዕና፣ ወልቂጤ፣ ቡታጅራ እያሉ። እኛ አገር ውስጥ ያለነው እንኳ የቱ ቢሮ የት እንደሄደ ለማወቅ ሰው እንጠይቃለን። ባሕር ማዶ ያለው አሳዳጊ ማንን ይጠይቅ?

(ሙዚቃ፦ ክራር፣ በአጭሩ።)

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ደንግጓል። ጥሩ አንቀጽ ነው። ከወረቀት አልፎ እንዲሠራ ግን መንገድ አልተበጀለትም። አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ስለ ደኅንነቱ ሪፖርት መላክ ነበረባቸው። ስለ እናቱ ለልጁ የሚጽፍ ግን ማንም አልታዘዘም። ወሬው የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ያም ቢሆን ጉዳዩን የሚከታተለው ሚኒስቴር ቢሮ ደርሶ ይቆማል። ገጠር ያለች እናት ፎቶውን ለማየት የመሳፈሪያ ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ ቢሮ ገብታ የሚያናግራት ሰውም ያስፈልጋታል።

አድራሻ መያዝ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ጦርነት ሲነሳ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የመቀሌን ሰፈር በስሙ የሚያውቅ አሳዳጊም ለወራት ደውሎ መልስ አላገኘም።

ጭንቀቱ እዚህ ባሉ ወላጆች በኩልም አለ። በግንቦት 2003 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የሄደች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ቤት ግቢ ብርድ ላይ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ልጇን የሰጠች እናት ሁሉ ይህን ስትሰማ «የኔይቱስ?» ማለቷ አይቀርም። እርሷም ብትሆን የምትደውልበት ቁጥር የላትም።

ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ አገር ዜጎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን ከለከለ። ክልከላው ወደፊት የሚሄዱትን አስቀረ፤ የሄዱትን ግን ከሰዎቻቸው አላገናኘም። ያንን ሥራ የያዙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። «ቤተሰብ ፍለጋ» የተባለው መዝገብ እዚህ ያሉ ወላጆችንና እዚያ ያሉ አሳዳጊዎችን እያመሳከረ ያገናኛል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ስም በሁለት ፊደል ሲጻፍ ይለወጣል፣ የልደት ቀን በግምት የተሞላ ይሆናል፣ ቀበሌዎችም ተዋህደዋል።

በመጨረሻ በጨቅላነታቸው የሄዱት ልጆች በ2027 ዓ.ም. አካባቢ 18 ዓመት ይሞላቸዋል። ያኔ የሪፖርት ግዴታው ያበቃል። የማሳደጊያዎቹና የቢሮዎቹ ፋይሎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ለባለቤቶቻቸው መከፈት ያለባቸው ከዚያ በፊት ነው፤ ልጁን ለማሳደጊያ ያስረከቡ አያቶችና የፈረሙ የቀበሌ ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ።