ጣናን በፈቃድ ስለ መርዳት

የጣና ሐይቅና ረግረጉ ጉማሬው፣ ሽመላው፣ የአውሮፓንም ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የሚኖሩበት ስፍራ ነው። ዩኔስኮም በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ዳሩ ግን እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም ውሃውን እየሸፈነ ዓሣውንና ታንኳውን አስጨነቀ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ብዙ ሰዎች ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ነቀሉ። ድካማቸውን እያመሰገንን አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። ከአረሙ ቁራጭ ቢቀር እንደ ገና ይበቅላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ሥራው በአንድ ቀን የሚፈጸም አይምሰለን። ወላጆች ሆይ፥ ለዚህ በጎ ሥራ የሚሄዱ ልጆቻችን አረሙን ሳያብብ እንዲነቅሉ፥ የነቀሉትንም ከዳር አርቀው እንዲያደርቁ፥ በየዓመቱም እንዲመለሱ እንምከራቸው። ያለ ዕውቀት የተደከመበት ሥራ አረሙን ያበዛዋልና።