እንዴት ይሠራል? የግራር ፍሬ፣ የካንጋሮ ሥጋ እና ኩላሊት

በአውስትራሊያ መሀል አገር በረሃ የነባሮቹ ሕዝቦች ሴቶች የግራር ፍሬ ለቅመው፣ ከእንጨት በተፈለፈለ ገበታ አበጥረው፣ በፍም አምሰው፣ በድንጋይ ላይ በመጅ ይፈጩት ነበር። ዱቄቱ በውኃ ተለውሶ እንዲሁ ይበላል፤ ወይም በረመጥ ይጋገራል። ገብስ ቆልቶ በሶ ያዘጋጀ ሰው ይህን ሥራ ሳይነገረው ያውቀዋል። (የግራር ዘር ሁሉ ግን አይበላም፤ መርዝ ያለውም አለ። እነዚያ ሴቶች የቱን እንደሚለቅሙ ከእናቶቻቸው የተማሩ ናቸው።) ታዲያ ይህ እፍኝ ፍሬ ከኩላሊት ጋር ምን አገናኘው?

ከኩላሊት እንጀምር። ሁለቱም እያንዳንዳቸው የጭብጥ ያህል ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ማጣሪያዎቹ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጠላሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው። የቀረው ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። የቤት ወንፊት ቢቀደድ ሌላ ይገዛል፤ ኔፍሮን ግን ከተወለድን በኋላ አዲስ አይሠራም። ክብደቱ አንሶ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና ከጅምሩ ያሉት ማጣሪያዎች ጥቂት ናቸው።

ይህን ወንፊት በብዛት የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የማጣሪያውን ግድግዳ ያወፍራል፣ ጠባሳም ያበጅበታል። ከፍተኛ የደም ግፊት ደግሞ ስሱን ማጣሪያ ሌት ተቀን ይገፋዋል። ማጣሪያው ሲጎዳ ደም ውስጥ መቅረት የነበረበት ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለውም፤ ቀድሞ የሚናገረው የሽንት ምርመራ ነው።

እንግዲህ ወደ ግራሩ ፍሬ እንመለስ። ከፉርኖ ዱቄት የተጋገረ ነጭ ዳቦ ሆድ ውስጥ እንደ ጭድ እሳት ነው፤ ቦግ ብሎ ስኳሩን በአንዴ ደም ውስጥ ይለቃል። የግራር ፍሬ ግን እንደ ደረቅ ግንድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይፈጫል፣ ሙቀቱም ይቆያል። በ1980ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) የነባሮቹን ሕዝቦች ምግብ የፈተሹ ተመራማሪዎች ከዘሩና ከሥራሥሩ ብዙው እንዲህ ቀስ ብሎ የሚፈጭ ሆኖ አግኝተውታል። የካንጋሮ ሥጋ ደግሞ ጮማ የለውም፤ ስቡ 2 በመቶ ገደማ ነው። ዓሣው፣ አርጃኖው፣ ከግራር ሥር ተቆፍሮ የሚወጣው ወፍራም ትል፣ ሁሉም ከማሸጊያ የመጣ ጨው የለባቸውም። ጣፋጭ ቢያምር ደግሞ ሆዱ ማር የቋጠረውን ጉንዳን ፍለጋ ከአፈር ሥር ብዙ መቆፈር ግድ ነው። ስኳሩ የሚገኘው ላብ ከፈሰሰ በኋላ ነበር።

ይህ ማዕድ በምርጫ አልተተወም። ሰዎቹ ከመሬታቸው እየተነሡ በሚሲዮንና በከብት እርባታ ጣቢያ ሲሰፍሩ፣ ለብዙዎቹ የጉልበታቸው ዋጋ ቀለብ ሆነ፦ ነጭ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ። ዛሬም በሩቅ መንደር ባለች አንዲት ሱቅ ትኩስ አትክልት ውድ ነው፤ ለስላሳ ግን አይጠፋም። በአንድ 375 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ኮላ ውስጥ ወደ 10 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር አለ።

መንገዱን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል? በ1982 ተመራማሪዋ ኬሪን ኦዴይ ይህን ፈተሸች። በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ከደርቢ ከተማ አካባቢ፣ ስኳር በሽታ ያለባቸው 10 ነባር አውስትራሊያውያን ለ7 ሳምንታት ወደ አባቶቻቸው መሬት ሄደው እያደኑ፣ እያጠመዱና ሥራሥር እየቆፈሩ ኖሩ። በአማካይ 8 ኪሎ ቀነሱ። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸው በእኛ የላቦራቶሪ ቁጥር ከ209 ወደ 119 ገደማ ወረደ። በሽታው ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን በ7 ሳምንት ይህን ያህል መውረዱ ብዙ ይናገራል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሰዎቹ በእነዚያ ሳምንታት የበሉት በአብዛኛው ሥጋና ዓሣ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው የሚበጀው፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሸክም ሊሆን ይችላል። የፕሮቲን ትርፍ ቆሻሻ የሚወጣው በኩላሊት ነው። በፍራፍሬና በሥራሥር ያለው ፖታሲየምም መውጫ ሲያጣ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ የልብን ምት ያዛባል። ስለዚህ «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ ያለ ልክ አይበላም፤ ልኩን የሚነግረው የደም ምርመራውን ያየ ሐኪም ነው። በአንጻሩ በታሸገ ሥጋና በኮላ ላይ የሚጨመረው ፎስፌት የሚባለው የፎስፈረስ ዓይነት የባሰ ነው። በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አንጀት የሚወስደው በከፊል ነው፤ የተጨመረውን ግን አብዛኛውን ይወስደዋል። ጨውስ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አትሞላም።

ሁሉንም በምግብ ማመካኘትም ልክ አይደለም። በተጣበበ ቤት የሚዛመት የቆዳ ቁስል በልጅነት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ውኃና ሳሙና፣ በጊዜው የተገኘ መድኃኒትም የኩላሊት ጠባቂዎች ናቸው።

በዚያው በረሃ ያለችው የኪንቶር መንደር ሰዎች ይህን ሁሉ ከማንም በላይ ያውቁታል። መንደራቸው ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን የሚደረግ የደም እጥበት ስለሚያስፈልገው፣ አገሩን ጥሎ ከተማ መቀመጥ ነበረበት። በ2000 የበረሃው ሠዓሊዎች ሥዕሎቻቸውን ሲድኒ ላይ ለጨረታ አቅርበው ከአንድ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ አሰባሰቡ። ዛሬ ፐርፕል ሃውስ፣ ማለትም ሐምራዊው ቤት፣ የሚባለው ድርጅት የተነሣው ከዚህ ነው፤ በ2004 የእጥበት ማሽኑ ኪንቶር ገባ።

የግራሩን ዱቄት ዛሬ በጣሳ ታሽጎ መግዛት ይቻላል። የሚበላውን ዘር ከማይበላው የምትለይ አያትና የሚሄዱበት መሬት ግን በጣሳ አይገቡም። ሠዓሊዎቹ ማሽኑን ወደ መንደራቸው ያስመጡት ለዚህ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን የሚታጠበው ሰው በቀሩት አራት ቀናት አገሩ ላይ እንዲሆን።