የስሜን በቅሎና የደባርቅ ገበያ
እንግዳ ከመኪና ወርዶ በእግሩ ሲሄድ ትርፉ ለማን ነው?

በስዊስ አገር፣ በአልፕስ ተራሮች መካከል፣ ዘርማት የምትባል የተራራ መንደር አለች። የነዋሪዎቿ ቍጥር ስድስት ሺህ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሆቴሎቿና በኪራይ ቤቶቿ እንግዶች በዓመት ውስጥ የሚያድሩት ሌሊት ቢደመር ከ1 ሚሊዮን እጅግ ያልፋል። በብርድ ወራት የሚመጣው በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ነው፤ በሙቀት ወራት የሚመጣው ደግሞ ማተርሆርን የተባለውን 4,478 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ ለማየት፣ የበረታውም ለመውጣት ነው። ለነጋዴ ግን ከተራራውም ከበረዶውም ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በቤንዚን የሚሄድ የእንግዳ አውቶሞቢል ወደ መንደሪቱ እንዳይገባ የተከለከለ መሆኑ ነው።

ባለ መኪናው ከዘርማት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድማ በምትገኘው በቴሽ መኪናውን ያቆማል፤ የማቆሚያውን ዋጋ ከፍሎም በባቡር ይሳፈራል። ይህ የባቡር መንገድ ዘርማት የደረሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ነው። በመንደሪቱ ውስጥ ሰውና ዕቃ የሚመላለሰው በትንንሽ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችና በፈረስ ሠረገላ ሲሆን፣ አብዛኛው እንግዳ ግን በእግሩ ይሄዳል። በእግሩ የሚሄድ ሰው በሱቅ ደጃፍ ሲያልፍ ይቆማል፤ የቆመ ሰው ይጠይቃል፤ የጠየቀም ብዙ ጊዜ ይገዛል። ስለዚህ ዘርማት መኪናን በመከልከሏ አልደኸየችም፤ እንዲያውም ጸጥታዋ ራሱ እንደ አንድ የሚሸጥ ዕቃ ሆነላት።

ይህን የሚመስል ነገር በአገራችንም አለ። በስሜን ተራሮች የበረዶ መንሸራተቻ የለም፤ በራስ ዳሸን ጫፍ አንዳንድ ጊዜ የሚወርደው በረዶም ብዙ ሳይቆይ የሚቀልጥ ነው። ነገር ግን ራስ ዳሸን ከፍታው ከ4,500 ሜትር በላይ በመሆኑ ከማተርሆርን ይበልጣል። እንግዳው ከመኪናው ወርዶ በእግርና በበቅሎ የሚሄድበት አገርም ይኸው ነው። የዚህ አገር ቴሽ ደግሞ ደባርቅ ናት።

በደባርቅ ስለሚደረገው መሰናዶ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ በአምባ ጊዮርጊስ አልፎ፣ የወገራን የገብስና የስንዴ አገር አቋርጦ፣ በዳባት በኩል ደባርቅ ይገባል። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ስትሆን፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በእርሷ ነው። ወደ ተራራው የሚወጣ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ በዚህ ይመዘገባል፤ የመግቢያውን ዋጋ ይከፍላል፤ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃም አብሮት እንዲሄድ ይታዘዝለታል። መንገድ መሪዎቹ፣ ወጥ ሠሪዎቹና ባለ በቅሎዎቹ በየማኅበራቸው ተደራጅተው ተራ ይጠብቃሉ።

ጉዞው እንደ እንግዳው አቅምና እንደ ቀኑ ብዛት ይለያያል። የተለመደው መንገድ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር፣ ቀጥሎም በግጭ አድርጎ ጨነቅ የሚያደርሰው ነው። በመካከሉ የጅንባር ፏፏቴና የእመት ጎጎ አፋፍ አሉ። የበረታ እንግዳ ደግሞ ከጨነቅ የቧሂትን ተረተር ተሻግሮ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ፣ እንደገና ወደ አምቢቆ ወጥቶ ራስ ዳሸን ይደርሳል። በመንገዱ ሁሉ የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ ይታያል፤ ዕድል የቀናው እንግዳ ከስሜን በቀር በዓለም በየትም የማይገኘውን ዋልያን በገደሉ ላይ ያያል፤ ቀይ ቀበሮንም የሚያይ አለ። ጅባራውና ጓሳው ለሌላው አገር ሰው እንግዳ የሆነ መልክ ለምድሩ ይሰጡታል።

ይህ ሁሉ ጉዞ የሚደገፈው በበቅሎ ነው። በቅሎ ከፈረስ ይልቅ በጠባብ የገደል መንገድ እግሯን አጽንታ ትሄዳለች፤ ብርዱንም ትችላለች። ድንኳኑ፣ የመኝታው ልብስ፣ ምግቡና የማብሰያው ዕቃ ሁሉ በእርሷ ጀርባ ነው። ስለዚህ በቅሎ ለስሜን ገበሬ መጓጓዣ ብቻ ሳትሆን፣ ገንዘቡን ያኖረባት የንግድ ዋናው ናት።

የሒሳቡ ነገር

የዚህን ንግድ ጥቅም ለመረዳት ሁለት ዓይነት እንግዶችን ማነጻጸር ይበቃል።

የመጀመሪያው እንግዳ ጎንደር ያድራል። በማለዳ በመኪና ተነሥቶ በደባርቅ በኩል በማለፍ እስከ ሳንቃ በር ወይም እስከ ጨነቅ ይሄዳል፤ ጭላዳውን አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ከጎንደር በጥቅል የመጣለትን ምሳ በልቶ፣ ማታውን እዚያው ጎንደር ይመለሳል። በደባርቅ የሚቀረው የመግቢያው ዋጋ፣ የመሪውና የጥበቃው የአንድ ቀን ደመወዝ፣ ምናልባትም የአንድ ስኒ ቡና ሒሳብ ነው።

ሁለተኛው እንግዳ በእግሩ የሚሄደው ነው። ለምሳሌ አራት ሰዎች ሆነው ለአምስት ቀን ቢወጡ አንድ መሪ፣ አንድ ጥበቃ፣ አንድ ወጥ ሠሪ ከረዳቱ ጋር፣ ሦስትም ባለ በቅሎዎች ይከተሏቸዋል ብለን እናስላ። አራቱ እንግዶች ለሰባት ያገር ሰዎች ለአምስት ቀን ሥራ ሰጡ ማለት ነው። ሁሉን ደምሮ አሥራ አንድ ሰው አምስት ቀን ይበላል። ዱቄቱ፣ ምስሩ፣ ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሻይ ቅጠሉና ክብሪቱ የሚገዛው ከደባርቅ ሱቅ ነው፤ ለበቅሎዎቹም ገብስ ያስፈልጋል። እንግዶቹ ከመውጣታቸው በፊትና ከተመለሱ በኋላ በከተማው ያድራሉ፤ ሲመለሱም ሙቅ ውሃና ጥሩ እራት ይሻሉ።

ከዚህ የሚታየው መኪናው ጠላት መሆኑ አይደለም። ዕድሜው የገፋ፣ ጤናው የደከመ ወይም ጊዜ ያጠረው እንግዳ በመኪና መሄዱ ግድ ነው፤ በቡይት ራስና በሊማሊሞ አፋፍ የተሠሩት ማረፊያዎችም በዚህ መንገድ ይጠቀማሉ። ነገር ግን መኪናው ይዞት የሚያልፈው ገንዘብ በቅሎዋ ከምታስቀረው ጋር ሲመዛዘን፣ ደባርቅ የትኛውን እንግዳ አብዝታ መጥራት እንደሚገባት ግልጽ ነው።

ጥንታዊው የሲራራ መንገድ

የደባርቅ ሰው ከበቅሎ ጭነት ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረች ጊዜ ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋ በኩል የሚመጣው ቅፍለት፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ወገራ ይገባ ነበር። ወደ ላይ የሚመጣው ጨርቅና ዶቃ፣ ወደ ታች የሚወርደው ዝባድ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ፣ ሁሉም በአጋሰስና በሰው ትከሻ ያንን ገደል ያልፍ ነበር። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ ተጓዥም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ወደ ጎንደር የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

በጠላት ወረራ ዘመን ኢጣሊያኖች በሊማሊሞ ገደል ላይ ጠመዝማዛውን የመኪና መንገድ ሲሠሩ የሲራራው ዘመን አበቃ። በቅሎዋ ግን ከዋናው መንገድ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ተራሮች ተመለሰች እንጂ አልጠፋችም። አገሩ በጥቅምት 1962 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ከተባለ፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ከሆነ ወዲህ፣ ጥንት የነጋዴ ጭነት ትሸከም የነበረችው በቅሎ የእንግዳ ጭነት ተሸካሚ ሆነች።

ስለ መንገዱና ስለ ባላገሩ

በኋላ ዘመን ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ ወደ ጃናሞራ የሚሄድ የመኪና መንገድ በፓርኩ መካከል ተሠራ። በዚህ ነገር ሁለት ወገን ያለው ክርክር አለ፤ ሁለቱም ወገን ሊደመጥ ይገባዋል።

ዋልያውና ቀይ ቀበሮው በሚኖሩበት መካከል የጭነት መኪና ሲመላለስ አውሬው ይሸሻል፤ ጸጥታን ፈልጎ የመጣው እንግዳም አቧራ ይጠጣል። የመንገዱ ነገር፣ የግጦሹ ብዛትና የዋልያው ቍጥር ማነስ አንድ ላይ ተደማምረው በ1989 ዓ.ም. ስሜን በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ እንዲገባ አድርገውታል። እንዲታረሙ ከተጠየቁት ነገሮች አንዱም ይኸው መንገድ ከፓርኩ ውጭ በሚያልፍ ሌላ መንገድ እንዲተካ ነበር። በሌላው ወገን ግን የጃናሞራ ባላገር ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ አንድ ቀን ሙሉ እንዲጓዝ፣ ገብሱንም ለገበያ እንዳያወርድ መፍረድ አይቻልም። ዘርማት መኪናን ስትከለክል ሕዝቧን ያለ መጓጓዣ አልተወችም፤ ባቡሩ ነበራት። ስለዚህ ትክክለኛው መፍትሔ ባላገሩና ጭነቱ በፓርኩ ዙሪያ በሚያልፍ ጥሩ መንገድ እንዲሄዱ፣ የተራራውም ውስጥ ለእግረኛውና ለበቅሎዋ እንዲቀር ማድረግ ነው።

ለስሜን ሲባል ዋጋ የከፈሉ ሰዎችም መታሰብ አለባቸው። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ መካከል የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ፣ 418 አባወራ፣ ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቶት ወደ ደባርቅ ከተማ ዳርቻ ተዛወረ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ። ሣሩ አገገመ፤ ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶና በቅሎ አከራይቶ ይኖር የነበረው ሰው ግን እህሉን በብር እየገዛ የሚኖር ከተሜ ሆነ። ለእነዚህ ሰዎች እንግዳ መምጣቱና አለመምጣቱ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።

እንግዳ የጠፋባቸው ዓመታት

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ የዓለምን መንገድ ሲዘጋ የደባርቅም መንገድ ተዘጋ። በሽታው ሳይበርድ ጦርነት ተከተለ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ውጊያው ከሊማሊሞ ሥር እስከ ዳባት ወረዳ፣ እስከ ጭና ድረስ ደርሶ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ ሊመለስ የጀመረውን እንግዳ እንደገና አስቀረው።

የሱቅ ዕቃ ገዢ ቢያጣ በመደርደሪያው ይቆያል። በቅሎ ግን እንግዳ ቢጠፋም መብላቷን አትተውም። ባለቤቷ ለልጆቹ እህል መግዣ ሲቸገር ይሸጣታል። በቅሎ ደግሞ ስለማትወልድ የተሸጠችው ወይም የሞተችው የምትተካው በገንዘብ ብቻ ነው፤ የሚወለደውም ባዝራ ያለችው ገበሬ ከአህያ ሲያዳቅል ስለሆነ፣ ደርሳ ለጭነት እስክትበቃ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ ሰላም ወርዶ እንግዳው በአንድ ጊዜ ቢመለስ፣ የሚጭንለት በቅሎ አጥቶ በመኪና አይቶ የሚመለስ እንዳይሆን ያሠጋል። መኪናው አንድ ጊዜ ልማድ ከሆነ በኋላ በቅሎዋን መልሶ ማስገባት ይከብዳል።

ከነጋዴው የሚጠበቅ

ሰላምን ማምጣት የነጋዴ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ለሚመጣው ጊዜ መዘጋጀት ግን የእርሱ ሥራ ነው።

አስመጪው ጠንካራ ድንኳን፣ ለውርጭ የሚሆን የመኝታ ከረጢትና ትንንሽ የጋዝ ምድጃ አምጥቶ በጎንደርና በደባርቅ በኪራይ የሚገኙበትን መንገድ ቢያስብ፣ እንግዳው ከአገሩ ተሸክሞ ከመምጣት ያርፋል፤ የማገዶ እንጨትም ከመቆረጥ ይድናል። ባለ ሱቁ የወገራን ገብስ በሶና ቆሎ አድርጎ በንጹሕ ጥቅል፣ ክብደቱንና ዋጋውን ጽፎ ቢያቀርብ፣ ለተራራ መንገድ ከዚህ የተሻለ ስንቅ የለም። በደጋው የሚሠራው የበግ ጠጕር ባናና ቆብም ለብርዱ መከላከያ፣ ለእንግዳውም መታሰቢያ ይሆናል፤ ላኪውም ናሙናውን ተመልክቶ ውጭ አገር ገዢ ሊፈልግለት ይችላል። ኮርቻ፣ መጫኛና ልጓም የሚሠሩት ባለ እጆችም ገበያቸው ከበቅሎዋ ጋር የተያያዘ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የታወቀ ዋጋና የተጻፈ ደረሰኝ ነው። እንግዳ ትንሽ ቢበዛበት ይከፍላል፤ የተታለለ መስሎት ከተመለሰ ግን እርሱም አይመጣ፣ ወዳጁንም አይልክ።

የዘርማት ነጋዴዎች ተራራቸውን አልሠሩትም፤ እግዚአብሔር የሰጣቸው ነው። እነርሱ የሠሩት እንግዳው ከመኪና ወርዶ ቀስ ብሎ እንዲሄድ፣ ቀስ ብሎም እንዲያወጣ የሚያደርገውን ሥርዓት ነው። ስሜንም ተራራው አለው፤ የበቅሎዋን መንገድ የሚያውቁ ሰዎችም ገና አሉት። እነዚህ ሰዎች በቅሎዎቻቸውን ሳይጨርሱ ደባርቅ ከዳባትና ከጎንደር ነጋዴዎች ጋር ብትመክር፣ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ የመጀመሪያውን እንግዳ ባዶ ደጅ አይጠብቀውም።