ጎመንዘር፦ ገለፈቱ የእናት፣ ዘይቱ የልጅ

እናቴ እንጀራ ከመጋገሯ በፊት ከጣሳዋ አንድ ቁንጥር የተወቀጠ ጎመንዘር ቆንጥራ በጋለው ምጣድ ላይ ትበትናለች። ሲንጣጣ በማሰሻው ጨርቅ እያዞረች ታሻዋለች። ጭሱ ዓይን ይለበልባል፤ ምጣዱ ግን ይወዛል፣ እንጀራውም ሳይይዝ ይነሳል። ብዙዎቻችን ጎመንዘርን የምናውቀው እስከዚህ ነው። ያሳዝነኛል።

የደጋችን ተክል ነው፤ ቅጠሉ ለወጥ፣ ፍሬው ለዘይት። ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው ያስገኙት ሲሆን፣ ከሰናፍጩ 8፣ ከጎመኑ 9 ጥንድ ክሮሞሶም ወርሶ 17 ጥንድ ይዟል።

ገበያ ላይ ቡናማም ቢጫም ይሸጣል። አንድ ነጋዴ «ቢጫው ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ አይጎዳም» ብሎ ሊያሳምነኝ ሞክሯል። ይህን አባባል ሳይመረምሩ የሚቀበሉ ገዢዎችን ልቆጣ እወዳለሁ። ከሁለቱም ጥቂት ፍሬ ውሃ ውስጥ አሳድሩና በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ገለፈቱ ይንሸራተታል፤ የሁለቱም ውስጥ ቢጫ ነው! ቡናማው ታኒን መሰል ቀለም ያጠራቀመ ገለፈት ለብሷል፤ የቢጫው ገለፈት ግን ቀለም አልባና ስስ ስለሆነ ውስጡ ያለውን ቢጫ ፅንስ ያሳያል።

ገለፈቱ የተሠራው ከእናቲቱ ተክል አካል ነው። ስለዚህ የቢጫ ተክል አበባ ላይ የቡናማው ብናኝ ቢያርፍ የዚያ ዓመት ፍሬ ያው ቢጫ ነው፤ የአባትየው ቀለም ብቅ ሊል የሚችለው ያ ፍሬ ተዘርቶ ሲያፈራ ነው። ዘይቱ ግን ያለው በፅንሱ ውስጥ ነው፤ ፅንሱ ደግሞ ከሁለቱም ወላጆች የተወለደ ስለሆነ የአባቱን ጠባይ በዚያው ዓመት ይይዛል። አንዲት ደቃቅ ፍሬ ሁለት ትውልድ ተሸክማለች።

ቢጫው ጥቅም የለውም አላልኩም። ገለፈቱ ስስ በመሆኑ ዘይቱ በርከት ይላል፣ ፋጉሎውም ቃጫው ቀንሶ ፕሮቲኑ ይጨምራል። የዘይቱ ዓይነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በተለመደው ጎመንዘር ከዘይቱ 40 በመቶ ገደማው ኢሩሲክ አሲድ ነው፤ በብዛት የተመገቡት የሙከራ አይጦች ልባቸው ላይ ስብ ተጠራቅሞ ታይቷል። መጠኑን የሚወስኑት ጂኖች አንዱ ከሰናፍጩ፣ ሌላው ከጎመኑ ወገን የመጡ ናቸው፤ ቀለሙን አይጠይቁም። ቢጫም ሆኖ ኢሩሲኩ የበዛ ሞልቷል።

ዘይቱን ለማወቅ ከቀለሙ የሚሻል መንገድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተገኝቷል። ተመራማሪው ኪት ዳውኒና ባልደረባው ካናዳ ውስጥ የጎመንዘርን ዘመድ የሬፕሲድን ፍሬ አብቅለው ከፅንሱ ከፊሉን ቆርጠው ዘይቱን በመሣሪያ ለኩ፤ ሥሩን የያዘውን ቀሪ ክፍል ደግሞ ተከሉት። ውጤቱ ጥሩ የሆነው ያው ፍሬ አድጎ ዘር ሰጣቸው።