በጊት መመሪያዎች ውስጥ ስለሚገኙ አሳሳች ስያሜዎች

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የሚያደርጉትን ለውጥ እየመዘገበ የሚያቆይ፣ የቀድሞውንም ቅጅ በተፈለገ ጊዜ መልሶ የሚያቀርብ መሣሪያ የቅጅ መቆጣጠሪያ ይባላል። ከእነዚህም መካከል በሰፊው በሥራ ላይ የሚውለው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት ነው። ጊትን የሚማር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደናገረው በአሠራሩ ሳይሆን በመመሪያው ቃላት ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ሦስት ስፍራዎችን መለየት ያሻል። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊው በጠረጴዛው ላይ የሚያርመው ረቂቅ አለ፤ ታርሞ ወደ መዝገብ እንዲገባ በአቃፊ ተለይቶ የተቀመጠ አለ፤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት መዝገብ የገባም አለ። ጊትም እንዲሁ ነው። ችግሩ የሚብሰው በመካከለኛው ስፍራ፣ ማለትም በአቃፊው ላይ ነው። ይህ አንድ ነገር ኢንዴክስ፣ ካሽ፣ ስቴጂንግ ኤሪያ የተባሉ ሦስት ስሞች አሉት። ካሽ የመጀመሪያው ጊዜ ስያሜ ሲሆን፣ የጊት የራሱ የቃላት መፍቻ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ይገልጻል። ይሁን እንጂ ከትእዛዞቹ ውስጥ አልወጣም። በዲፍ ትእዛዝ ልዩነትን ለማየት «ካሽድ» ቢባልም «ስቴጅድ» ቢባልም ውጤቱ አንድ ነው፤ በአርኤም ትእዛዝ ፋይልን ከአቃፊው ብቻ ለማውጣት ግን የሚያገለግለው «ካሽድ» ነው። ተማሪው ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ያሉ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ከዚህ የከፋው የተገላቢጦሹ ነው፤ ይኸውም አንድ ስም ለሁለት ሥራ መዋሉ ነው። ቼክአውት የተባለው ትእዛዝ የቅርንጫፍ ስም ሲከተለው ከአንዱ የሥራ መስመር ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ያልተመዘገበ ሥራ የሚጠፋ ሲሆንም እምቢ ይላል። የፋይል ስም ሲከተለው ግን በአቃፊው ያለውን ቅጅ አምጥቶ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳይጠይቅ ይደመስሳል። በመጀመሪያው ጥንቃቄ የተማመነ ተማሪ በሁለተኛው የቀን ሙሉ ድካሙን ያጣል። ይህ በመታወቁ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2019 የወጣው 2.23 ቅጅ ሥራውን ስዊችና ሪስቶር ለተባሉ ሁለት ትእዛዞች አከፋፈለ። ቼክአውት ግን ስላልተሻረ የቆዩት ማስተማሪያዎች አሁንም እርሱን ያስተምራሉ።

ሌላው የግራ መጋባት ምክንያት ከቀደምት መሣሪያዎች የተወረሰ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተጀመረው በሰብቨርዥን፣ ሪቨርት ማለት ያልተመዘገበውን ለውጥ መጣል ነው፤ በጊት ግን የተመዘገበውን ሳይነካ፣ እርሱን የሚሽር አዲስ ምዝገባ መጨመር ነው። ኮሚትም እንዲሁ በሰብቨርዥን ሥራውን ወደ ማእከላዊው ኮምፒዩተር ይልካል፤ በጊት ግን በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ይመዘግባል፤ መላኩ ፑሽ የተባለ ሌላ ትእዛዝ ነው። ኮሚት አድርጌአለሁና ሥራዬ ደርሷል ብሎ የተቀመጠ ተማሪ ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ ሥራው አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ በአማርኛ የማስተማሪያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ኮሚትን «ማስረከብ» ብሎ ቢተረጉም ለሰብቨርዥን ልክ ይሆናል። ለጊት ግን «መመዝገብ» ማለት ይሻላል፤ «ማስረከብ» ለፑሽ ይቆይ።