ዕርዳታው በየት በር ይግባ?

አሶሳ አቅራቢያ በሚገኘው የጾሬ መጠለያ ያሉት ስደተኞች አብዛኞቹ ከሱዳን ብሉ ናይል ግዛት የመጡ ናቸው። በነሐሴ 2003 ዓ.ም በግዛቱ ጦርነት ዳግም ሲቀሰቀስ የካርቱም መንግሥት በሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ንቅናቄ–ሰሜን እጅ የወደቁትን አካባቢዎች ለዕርዳታ ዘጋ። እህል ወደ ሰው መሄድ ሲያቅተው ሰው ድንበር ተሻግሮ ወደ እህሉ መጣ።

ጉዳዩ በነሐሴ 2008 ዓ.ም በቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ሸምጋይነት አዲስ አበባ ላይ ለድርድር ቀረበ። ንቅናቄው ከዕርዳታው 20 በመቶው ከአሶሳ በቀጥታ ይግባልን አለ። ካርቱም በበኩሏ ሁሉም በሱዳን ምድር ተፈትሾ ካልሆነ አይገባም አለች። አንደኛው ወገን የሕዝቡ ጉሮሮ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ሰጋ፤ ሌላኛው ከጆንያ ጋር መሣሪያ እንዳይገባና ሉዓላዊነቱ እንዳይደፈር። ድርድሩ ተቋረጠ። ከወራት በኋላ አሜሪካ መድኃኒቱን እኔ ላድርስ ብትልም ንቅናቄው አልተቀበለም። 80 በመቶው ላይ የተቀራረቡ ወገኖች በቀረው አንድ አምስተኛ ተለያዩ፤ የጠቡ ሥር ከእህሉ መጠን ይልቅ የፈታሹ ማንነት ነበርና።

በባሕርም ክርክሩ ይኸው ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የባሕር ጦርነት ሕግ የሳን ሬሞ መመሪያ ሲቪሎችን ማስራብን ብቻ ዓላማው ያደረገ ከበባን ይከለክላል፤ ሕዝቡ ምግብ ካጣ ከባቢው ዕርዳታ ያሳልፍ ይላል፤ የመፈተሽ መብቱን ግን አይነፍገውም። በግንቦት 2002 ዓ.ም የእስራኤል ኮማንዶዎች ወደ ጋዛ በምታመራው መርከብ ማቪ ማርማራ ላይ ዘጠኝ ሰዎች ሲገድሉ ሕጉ ተፈተነ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ያቋቋሙት የፓልመር ቡድን ከበባው ሕጋዊ፣ ጥቅም ላይ የዋለው ኃይል ግን ከልክ ያለፈ ነው አለ። የዚያው ድርጅት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ልዑክ ደግሞ ከበባውን ራሱን ሕገወጥ ብሎታል።

እኛም ታሪኩን እናውቀዋለን። በጥር 1977 ዓ.ም ደርግ በፖርት ሱዳን በኩል ወደ ኤርትራና ትግራይ አማጽያን ይዞታዎች ሊሄድ የነበረ የአውስትራሊያ እህል ጎልደን ቬንቸር ከተባለች መርከብ ላይ ወረሰ። በ1980 ዓ.ም ሻዕቢያ ከአስመራ በስተደቡብ 23 የዕርዳታ መኪኖችን አቃጥሎ፣ መሣሪያም ተጭኖባቸው ነበር ሲል ተከራከረ። መንግሥትም ሆነ አማጺ፣ መንገዱን የያዘ ሁሉ ጆንያውን በጥርጣሬ አየ።

የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በሐምሌ 2006 ዓ.ም ለሶርያ ሌላ መንገድ ሞከረ። ደማስቆ ሳትፈቅድ በአራት የድንበር በሮች ዕርዳታ እንዲገባ ወሰነ፤ ጭነቱን ከተፋላሚዎቹ ወገን ያልሆኑ የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ያረጋግጡ ነበር። ሆኖም ፈቃዱ በየጊዜው መታደስ ስለነበረበት፣ በድምፅ የመሻር መብት ሳቢያ በ2012 ዓ.ም አንድ በር ብቻ ቀረ። ለብሉ ናይል ግን ምክር ቤቱ በ2004 ዓ.ም ተፋላሚዎቹን እንዲፈቅዱ ከመጠየቅ አላለፈም። ገለልተኛ ፈታሽ የሁለቱንም ወገኖች ስጋት ያቀላል፤ በሩ ላይ የሚያቆመው ሥልጣን ግን ከተፋላሚዎቹ ፈቃድ ውጭ መምጣት አለበት።