ስለ ማድ ቤትና ስለ መጸዳጃ ቤት አያያዝ

በአገራችን ልማድ ባለቤቱ እንግዳ የሚቀበልበትን ክፍል አስጠርጎ፥ ቄጠማ አስጎዝጉዞ፥ ምንጣፉን አስነጥፎ ይጠብቃል። ማድ ቤቱ ግን ከጓሮ በኩል ስለ ሆነና እንግዳም ስለማይገባበት፥ ጣራው በጥቀርሻ ጠቁሮ፥ ወለሉም በአመድና በልጣጭ ተሞልቶ ቢታይ የሚያፍር ሰው ጥቂት ነው። መጸዳጃ ቤቱማ በብዙ ስፍራ ገና አልተሠራም፤ ወይም ተሠርቶ ከፈረሰ በኋላ የሚያድሰው አልተገኘም። ነገር ግን የቤተ ሰቡን ጤና የሚወስኑት እንግዳ የሚቀመጥባቸው ክፍሎች ሳይሆኑ፥ እነዚህ እንግዳ የማያያቸው ሁለት ስፍራዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ጥቂት ገንዘብና ጥቂት ጉልበት ያገኘ እንደ ሆነ፥ አልጋና ወንበር ከመግዛቱ አስቀድሞ በእነዚህ ላይ ቢያውለው ትርፉ ይበልጣል። መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሎችም ለጎረቤቶቻቸው ያስረዱ ዘንድ ነገሩን ከነምክንያቱ እንጽፋለን፤ ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ትእዛዙን ቶሎ ይረሳልና።

አስቀድሞ ስለ ጢስ። በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነድ እሳት ሙቀቱ በየአቅጣጫው ስለሚባክን ብዙ እንጨት ይፈጃል፤ እንጨቱም በሚገባ ተቃጥሎ ስለማያልቅ ብዙ ጢስ ያወጣል። በጢሱ ውስጥ ዓይን የማያየው ደቃቅ ጥቀርሻ አለበት፤ እርሱም እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባል። እናት እንጀራ በምትጋግርበት ጊዜ ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ትቆማለችና፥ እርሷ የምትስበውን ጢስ እርሱም ይስበዋል። ሕፃናት በሳንባ ምች የሚታመሙበት፥ ሴቶችም በዕድሜያቸው ማምሻ በማያቋርጥ ሳልና በዓይን ሞራ የሚቸገሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓመት ብቻ ከቤት ውስጥ ምድጃ በሚወጣ ጢስ ምክንያት በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን የሚያህሉ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው።

እዚህ ላይ ሽማግሎች የሚያነሡት አንድ ተቃውሞ አለ፤ ጢስ የሣሩን ክዳን ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቃል ይላሉ። ነገሩ እውነት ስለ ሆነ ልንክደው አንችልም። ይሁን እንጂ ክዳኑ ይታጠን ማለት ሴቲቱና ሕፃኑ አብረው ይታጠኑ ማለት አይደለም። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ በሸክላ ውስጥ በተቀመጠ ፍም ላይ ቅጠል ጨምሮ፥ እሳት እንዳይነሣ አንድ ጠባቂ ከደጅ አቁሞ ቤቱን ማጠን ይቻላል። ጣራው ቆርቆሮ የሆነለት ሰው ግን ይህም ምክንያት የለውም፤ ቆርቆሮን ምስጥ አይበላውምና።

ጢስ ትኩስ ስለ ሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሚገባ የሚወጣውም ከበታቹ ቀዝቃዛ አየር ሲተካ ነው። ስለዚህ አንድ ቀዳዳ ብቻ መክፈት አይበቃም። ከበሩ ትይዩ መስኮት ማበጀት፥ ከጣራው ጫፍ አጠገብም ጢሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ትቶ ዝናብ እንዳይገባ ከላዩ ትንሽ ክዳን ከፍ አድርጎ ማቆም ያስፈልጋል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከአሸዋና ከሲሚንቶ ተሠርቶ በየክፍሉ የሚገጣጠም ነው፤ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከበው ከጉልቻ ጋር ሲተያይ እስከ እኩሌታ ድረስ እንጨት ያተርፋል። ይህ የማይገኝበት ሰው ምድጃውን በጭቃና በጭድ ከመሬት እስከ ጉልበት ከፍ አድርጎ፥ ዙሪያውንም ዘግቶ ቢሠራ መልካም ነው። ከፍታው ለጋጋሪዋ ወገብ ዕረፍት ከመስጠቱም በላይ፥ ድኾ የሚሄድ ሕፃን በእሳት ላይ እንዳይወድቅ ያደርጋል። ምናልባት ልጅ የተቃጠለ እንደ ሆነ፥ ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል በቁስሉ ላይ ያፈስሱበት፤ ቅቤና እበት መቀባት ግን ቁስሉን ያመረቅዘዋል እንጂ አያድነውም።

ለማድ ቤት የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ዋናው ነገር ምንም ዕቃ መሬት ላይ አለመቀመጡ ነው። ሳህኑና ድስቱ ከታጠበ በኋላ በጨርቅ መወልወሉ አይበጅም፤ ጨርቁ ራሱ ብዙ ጊዜ ከሳህኑ ይልቅ ያደፈ ነውና። በደጅ በኩል አራት ባላ ተክሎ፥ በላዩ ቀጫጭን እንጨት ረብርቦ፥ ዕቃውን በዚያ ደፍቶ ፀሐይ እንዲያደርቀው መተው ይሻላል፤ ዶሮም አይደርስበትም። ቅባት የያዘውን ዕቃ በሙቅ ውኃና በተነፋ አመድ ማሸት የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ አመድ ቅባትን የሚፈታ ጨው ስላለበት ሥራው ከሳሙና ጋር ይቀራረባል። ምጣድ ግን በውኃ አይታጠብም፤ በጎመን ዘርና በማሰሻ ይታሻል። ስለዚህ ማሰሻውን በየጊዜው መለወጥ፥ አለዚያም ቀቅሎ ማጠብ ይገባል። ቡሃቃውም እርሾ የሚቀርበት ዕቃ ስለ ሆነ ምንጊዜም ተከድኖ ይቀመጥ፤ ጥሬ ሥጋ የተቈረጠበት ካራም ሳይታጠብ ሽንኩርት አይቈረጥበት። የወለሉን ነገር በተመለከተ፥ በእበት መለቅለቅ አቧራን እንደሚያስተኛ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በትኩስ እበት ውስጥ በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን አሉበትና፥ ምግብ የሚሰናዳበትን ወለል ከአሸዋ ጋር በተለወሰ ጭቃ መምረግ ይመረጣል።

ስለ መጠጥ ውኃ ስንናገር፥ የድሮውን እንስራ ማመስገን ይገባናል። አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ እጅም ጣሳም አይገባበትም፤ ውኃው የሚቀዳው ዘንበል ተደርጎ ነው። ሸክላውም በጥቂቱ እያዛ ስለሚተን ውኃውን ያቀዘቅዘዋል። ዛሬ ግን በብዙ ቤት አፈ ሰፊ በርሜልና ባልዲ ስለ ተተካ፥ ልጅ ሁሉ ያደፈ እጁን ከነጣሳው ያጠልቅበታል። ከምንጭ ንጹሕ ሆኖ የመጣ ውኃም በቤት ውስጥ የሚበላሸው በዚህ ነው። በርሜል ያለው ሰው ክዳን ያብጅለት፤ መጭለፊያውም ረጅም እጀታ ያለው ሆኖ ከግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ በክዳኑ ላይ አይጣል። ውኃው የሚያጠራጥር የሆነ እንደ ሆነ እስኪፍለቀለቅ ማፍላት ነው።

እንዶድም ልብስን እንደሚያነጻ የታወቀ ነው። አክሊሉ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓመት በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው፥ ፍሬው የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን እንዶድ ዓሣንም የሚገድል ብርቱ ነገር ነውና፥ ለምግብ ዕቃ ማጠቢያ አይሆንም፤ እጥበቱም ለመጠጥ ከሚቀዳበት ስፍራ በታች ይደረግ። በረኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ ብቻውን በውኃ አቅጥኖ ይጠቀምበት እንጂ፥ ከሌላ ማጽጃ ወይም ከሽንት ጋር አያደባልቀው፤ ሲደባለቅ የሚያፍን መርዝ ይወጣዋል።

አሁን ወደ መጸዳጃው ቤት እንመለሳለን፤ ነገሩን በግልጥ መናገር ነውር መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ ሕዝቡ ከሰፈር ወጥቶ፥ መሬት ቈፍሮ፥ የወጣውን እንዲከድን ታዝዟል፤ መጽሐፍ ያልናቀውን ነገር እኛ ልንንቀው አይገባም።

ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ የሚበዛባቸው አገሮች ብዙ ቢሆኑም፥ የአማራ ክልል በዓለም ላይ በእጅጉ ከተጠቁት ስፍራዎች አንዱ ነው። በሽታው በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የዓይኑን ቆብ ከውስጥ ያጠባስሰዋል፤ ኋላም ቆቡ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። አሮጊቶች ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው ጠጕሩን ሲነቅሉ ያላየ ሰው የለም። ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን በሽታውን የምታመላልሰው ትንሽ ዝንብ የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ በጕድጓድ መጸዳጃ ውስጥ ግን አትራባም። እንግዲህ ጕድጓድ መቈፈር ዓይንን ከሚያድኑ ነገሮች አንዱ መሆኑን ለሕዝቡ ማስረዳት ያስፈልጋል። በተለይም የሕፃን ዓይነ ምድር ጕዳት የለውም ተብሎ በደጅ መጣሉ ስሕተት ነው፤ እርሱም ወደ ጕድጓዱ ይግባ።

ሌላም ነገር አለ። ወንድ በፈለገው ሰዓት ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ሴት ግን እስኪጨልም ድረስ ራሷን ይዛ ትውላለች፤ በጨለማም ስትወጣ ጅብንና ክፉ ሰውን ትፈራለች። ትምህርት ቤትም በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ከሌለው፥ ለአካለ መጠን የደረሰች ልጃገረድ በወሩ ውስጥ ጥቂት ቀን እየቀረች ከጓደኞቿ ትዘገያለች። ስለዚህ መምህራን ለሴቶች የተለየ፥ መቀርቀሪያውም ከውስጥ የሆነ ቤት ሳያሠሩ ሌላውን ሥራ አይጀምሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጕድጓዱ ከምንጭና ከውኃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ በተዳፋትም ቢሆን ከውኃው በታች እንጂ በላይ አይሁን። ጥልቀቱ ወደ 3 ሜትር ቢደርስ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ነገር ግን ውኃ እስኪያፈልቅ ድረስ አይቈፈር። መረባረቢያው እንጨት ምስጥ ስለሚበላው ሰው ይዞ የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ በሲሚንቶና በብረት የተሠራ ድፍን ንጣፍ ዋጋው ቢከብድም ሕይወትን ይጠብቃል፤ ለማጠብም ይመቻል። ቀዳዳው ልጆች እንዳይፈሩት ጠባብ ይሁን፤ እጀታ ያለው ክዳንም ይደረግለት። ሽታ እንዲቀንስ ከተጠቀሙ በኋላ አንድ እፍኝ አመድ መበተን ይበቃል።

ዐቅም ያለው ሰው ከጕድጓዱ ተነሥቶ ከጣራው በላይ የሚወጣ ቱቦ ያቁም፤ ጫፉንም በወንፊት ሽቦ ይሸፍን። ነፋስ በቱቦው አፍ ላይ ሲያልፍ ሽታውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ በጕድጓዱ ያሉት ዝንቦችም ብርሃን ወደሚታያቸው ወደ ቱቦው ሄደው በወንፊቱ ተይዘው ይሞታሉ። ይህ እንዲሠራ የቤቱ ውስጥ ጨለም ማለት አለበት፤ የቀዳዳውም ክዳን አየር እንዲያስገባ ክፍት ይተዋል። ቱቦ የሌለው ግን ሁልጊዜ ይከደናል።

ከበሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ከሌለ የተደከመበት ሁሉ እኩሌታው ይጠፋል። 5 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከክዳኑ በታች በጋለ ምስማር በስቶ በሁለት ባላ መካከል በእንጨት ማንጠልጠል፤ ከአንገቱም ገመድ አስሮ በእግር በሚረገጥ እንጨት ላይ ማያያዝ ነው። እንጨቱ ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፥ ጥቂት ውኃም ይፈስሳል፤ ያደፈ እጅም ዕቃውን አይነካም። ሳሙናው በቀዳዳ ከረጢት ይንጠልጠል። ከሥሩ ጠጠር ይጨመር፤ የሚፈስሰውም ውኃ በትንሽ ቦይ ወደ ጌሾው ወይም ወደ ጎመኑ ሥር ይመራ። ውኃውን በየጧቱ የሚሞላ ተማሪ በተራ ይመደብ፤ ባዶ ጀሪካን ከሁለት ቀን በላይ ከተንጠለጠለ ልጆች መርገጫውን ለጨዋታ ይወስዱታል።

ጕድጓዱ ከአፉ ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀረው በአፈር ተደፍኖ ሌላ ይቈፈራል። የተደፈነውን ቢያንስ 2 ዓመት ሳይነኩ መተው ነው፤ ዛፍ ቢተከልበት ግን ወዲያው ይበቅላል።